ቱቦው በግንቦት ይጠረግ፤ ደለሉም በዕለቱ ይነሳ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን አዘውትሬ አነባለሁ፣ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሥራዬ ልብስ ስፌት ስለሆነ ጽሑፌ እዚህም እዚያም ቢጨማደድባችሁ ይቅርታ፣ ተኩሳችሁ አንብቡት።

ሱቄ ቀበና ወንዝ አካባቢ ናት። ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ወደ ታች ወርዳችሁ ነው የምትገቡት። ስከራያት እንዲህ አልነበረችም። ከመንገዱ እኩል ስለነበረች ደንበኛ ዘው ብሎ ይገባ ነበር። ከዚያ መንገዱ ታደሰ። በአሮጌው ላይ አዲስ ተደረበበትና ከፍ አለ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ታደሰ፣ ደግሞ ከፍ አለ። እኔ በ17 ዓመት ውስጥ ከቦታዬ ሳልነቃነቅ ምድር ቤት ገባሁ ማለት ነው። አሁን ከማሽኔ ቀና ስል የሚታየኝ የአላፊ አግዳሚው ጫማ ነው። የማን ሶል እንደተላጠ ከባለቤቱ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ።

ብዕር ያስነሳኝ ያለፈው ሳምንት ዝናብ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። የነሐሴ ፀሐይ እንዲህ ስትከር ከሰዓት በኋላ ምን አስከትላ እንደምትመጣ እዚህ ከተማ ያደገ ሁሉ ያውቃል። 8 ሰዓት ላይ እንጦጦ ጠቆረ። 9 ሰዓት ሳይሞላ በረዶው ጀመረ። ቆርቆሮ ሥር ሆኖ በረዶ የሰማ ሰው ይረዳኛል፤ ተለማማጄ ፊት ለፊቴ ቆሞ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አያለሁ እንጂ የሚለው አይሰማኝም። ለካ "ጋሼ፣ ውሃ ገባ!" እያለኝ ነው።

ውሃው በጣሪያ የገባ እንዳይመስላችሁ። ጣሪያዬን አምና አስጠግኜዋለሁ። የመጣብኝ ደጄ ላይ ካለው ቱቦ ነው። ቱቦው መዋጡን ትቶ መትፋት ጀመረ። መጀመሪያ ጥቁር ውሃ ቡልቅ ቡልቅ አለ፣ ቀጥሎ ፌስታል፣ ቀጥሎ ባዶ ሃይላንድ፣ ከዚያ የአንድ ሕፃን ነጠላ ጫማ ተንሳፍፎ መጣና ሁለቱን ደረጃ ወርዶ እግሬ ሥር ቆመ። ጫማውን አንስቼ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ውሃው ጉልበቴ ደርሶ ነበር።

ለመስከረም የታዘዘ የተማሪ ዩኒፎርም ነበረኝ። ግማሹ ተሰፍቷል፣ ግማሹ ተቆርጦ በጥቅል ተቀምጧል። ቦርዶው ጨርቅ ቀለሙን ነጩ ሸሚዝ ላይ ለቀቀው። 43 ሸሚዝ ጽጌረዳ መሰለ። በእግር የሚረገጠው አሮጌው ሲንጀር ምንም አልሆነ፣ ጠርጌ ዘይት ቀባሁት፣ በነጋታው መስፋት ጀመረ። ሞተር ያለው ግን ሞተሩ ውሃ ጠጥቶ ቀረ። እስካሁን አልነቃም። ወላጆቹን ሳስባቸው ከሞተሩ በላይ ያሳዝኑኛል፣ ቀብዱን ከፍለዋል፣ እኔ ደግሞ በቀብዱ ጨርቅ ገዝቼበታለሁ።

ከእኔ በላይ የተጎዳ አለ። ከሱቄ ትይዩ ጉሊት የሚቸረችሩ እናት አሉ። እማማ ነው የምንላቸው። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ተንሳፍፎ ሄደባቸው፣ ድንቹ ብቻ ሰጥሞ ቀረላቸው። "ድንች ወገን ነው፣ አልከዳኝም" እያሉ ጭቃውን ሲያጥቡት አየሁ። ሳቅን። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ያ ሽንኩርት የአንድ ሳምንት ሙሉ ካፒታላቸው ነው።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ዝናቡን አልወቅስም። ያ ቱቦ ግን ዘንድሮ ተጠርጎ ነበር! አዎ፣ ተጠርጎ ነበር። ሰኔ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩ ወጣቶች አካፋና ዶማ ይዘው መጡ። ሥራቸውን አልነቅፍም፣ ከጠዋት እስከ ማታ እስከ ወገባቸው ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ደለሉን አወጡ። ሽታውን ችለው፣ ያለ ጓንት። ሻይ አጠጣናቸው። ያወጡትን ደለል ግን የት አደረጉት መሰላችሁ? ቱቦው አፍ ላይ። እዚያው ጠርዙ ላይ ከመሩትና ሄዱ። "መኪናው መቼ ይመጣል?" ብዬ አንዱን ብጠይቀው "ጋሼ፣ እኛ ቆፋሪ ነን፣ የሚያነሳው ሌላ ነው" አለኝ።

ሌላው አልመጣም። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ከክምሩ ሲሶውን ያህል ይዞት ገባ። ሁለተኛው እንዲሁ። ደለል በእግሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ አየሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

ሄጄ አመልክቻለሁ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልጽፍም፣ የሰው እንጀራ መንካት አልፈልግም፣ ደግሞም ጥፋቱ የአንድ ሰው አይመስለኝም። የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ያሉት "ይህ እኛን አይመለከትም" አሉኝ። ሁለተኛው ጋ ያሉት ልጅ ትሁት ነበሩ፣ ወንበርም ሰጡኝ፣ "አባቴ፣ የአምናው በጀት ተዘግቷል፣ የዘንድሮው ገና አልተለቀቀም፣ ትንሽ ይታገሱን" አሉኝ። ታገስኩ። ዝናቡ ግን በጀት አይጠብቅም።

ቤቴ ገብቼ ይህን ነገር አሰብኩት። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ያልቃል፣ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ይህን ማንም ያውቃል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ደግሞ ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉና እዩአቸው። አሮጌው ገንዘብ አልቆ አዲሱ ገና ሳይመጣ፣ ልክ በዚያች ክፍተት ሰማዩ ይከፈታል። ለዚህ ነው በሰኔ መጨረሻ ከተማው ሁሉ የሚቆፈረው፣ "በጀቱ ሳይመለስ" ተብሎ። ለዚህ ነው የተቆፈረው አፈር ሐምሌን ሙሉ የሚያነሳው አጥቶ የሚከርመው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእኛ ቱቦ ይመስላል።

ስለ ውሃ ምህንድስና አላውቅም፣ ልኬት ግን እንጀራዬ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል 3,000 ሊትር ይሆናል። ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ቢደረደር 15 በርሜል ማለት ነው፣ ከአንድ ጣሪያ ብቻ። ድሮ የሰፈሩ ግቢ ሁሉ ሣርና አፈር ስለነበር የተወሰነውን ይጠጣው ነበር። ዛሬ ግቢው ሲሚንቶ፣ መንገዱ አስፋልት፣ ሰማዩ ቆርቆሮ ሆኗል፣ ያ ሁሉ በርሜል እኔ ደጃፍ ላይ ባለች አንድ ቱቦ ልለፍ ይላል። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ከተማዋ ደግሞ ተዳፋት ናት። እንጦጦ አናቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ ታች ስትደርሱ 2,100 ገደማ ይሆናል። ቀበናም፣ ግንፍሌም፣ ቀጨኔም ያንን ቁልቁለት እየተንደረደሩ ወርደው በአቃቂ በኩል አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ ይገባሉ። ላይኛው ሰፈር የጣለው ፌስታል ታችኛው ሰፈር ይደርሳል። ይህንን እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው፣ በእኛ ሰፈር የማይሸጥ የጁስ ዓይነት ማሸጊያው ሱቄ ውስጥ ተገኝቷል።

እኛም ንጹሕ አይደለንም። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ራሴ ለዓመታት ቁርጥራጭ ጨርቅ በማዳበሪያ አድርጌ ማታ ማታ ቱቦው ጥግ አስቀምጥ ነበር፣ "ቆሻሻ የሚያነሱት ይወስዱታል" ብዬ። አንዳንዴ ይወስዱታል። አንዳንዴ ጎርፉ ይቀድማቸዋል። ከታች ያለ አንድ ጎረቤት ደግሞ ቱቦው ላይ ስላብ አስፍቶ ደረጃ ሠርቶበታል፣ ለመጥረግ እንኳ ክፍተት የለውም። ስንነግረው "ለሁላችሁም መሻገሪያ ነው የሠራሁት" ይላል። ምን ይባላል? አመስግነን ተሻገርንበት።

የክዳኑን ነገር ደግሞ እንዳልረሳው። ከሱቄ 20 እርምጃ ወደ ላይ ክዳኑ የተሰረቀ ጉድጓድ አለ። ብረት ነውና ቁራሌው ይገዛዋል። የሰፈር ልጆች ሰው እንዳይገባበት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተክለውበት ነበር። የዚያን ዕለት ጎርፉ ቅርንጫፉን ነቀለው፣ ጉድጓዱም በውሃ ተሸፈነ። አንዲት ልጅ ያዘለች እናት በዚያ ስታልፍ ተለማማጄ ጮሆ ባያስቆማት ኖሮ ይህን ደብዳቤ በሌላ ቃና ነበር የምጽፈው። የሚሮጥ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ትልቅ ሰው ይጥላል፣ 30 ሲሆን ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። "ቁርጭምጭሚት ነው፣ ምን ያደርገኛል" የሚል ብዙ ሰው አለ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ነሐሴ 2013 እዚሁ አዲስ አበባ የ7 ሰው ሕይወት በጎርፍ ማለፉን ሁላችንም ሰምተናል፣ ከዚያ ረስተናል።

ድሬዳዋን የረሳ ግን ያለ አይመስለኝም። እኔ እዚያ ዘመድ አለኝ። ደቻቱ ማለት አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ወንዝ ነው ብላችሁ ብትነግሩት እንግዳ ሰው ይስቃል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ከላይ በሐረርጌ ከፍታ የጣለው ዝናብ በዚያ አሸዋ ላይ በሌሊት መጣ። ሰው ተኝቷል። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ዘመዴ እስከ ዛሬ በክረምት ሌሊት ከበድ ያለ ድምፅ ከሰማ ተነስቶ በሩን ከፍቶ ያያል። ወንዙ ዳር በኋላ ግንብ ተሠርቷል፣ ጥሩ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሰዓቱ ነው። ዝናቡ ተራራው ላይ በጣለበትና ውሃው ከተማ በገባበት መካከል ጊዜ ነበረ። ብዙ አይደለም፣ ግን ሕፃን አቅፎ ከወንዙ ዳር ዞር ለማለት ይበቃል። ያንን ጊዜ ለተኛው ሰው የሚነግር አልተገኘም።

ጎፋም እንዲሁ ጊዜ ነበረ፣ ቢሆንም የጎፋውን ለማንሳት እጄ ይከብደኛል። ሐምሌ 15 ቀን 2016፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ተራራው ተናደና ሰው ቀበረ። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ፖሊስ፣ መምህር፣ የሰማ ሁሉ ሊያወጣቸው ሮጠ። በእጁና በዶማ እየቆፈረ ሳለ ተራራው ደግሞ ወረደ። ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ ሊያድኑ የሄዱ ናቸው። ዘመዱ አፈር ሥር ላለ ሰው "ቆይ፣ አትግባ" ማለት እንዴት ይቻላል? እኔም ብሆን እገባ ነበር። ግን አንድ ሰው ላይኛውን ተራራ እያየ የሚቆም፣ አፈሩ ሲነቃነቅ የሚጮህ፣ ያንን አስቀድሞ የተማረ አንድ ሰው በየቀበሌው ቢኖር እያልኩ አስባለሁ። እኛ ሰፈርም ወንዙ ዳር የድጋፍ ግንብ በፈረሰ ቁጥር የምናደርገው ይህንኑ ነው፣ ሁላችንም እንሮጣለን፣ ሁላችንም ሥሩ እንቆማለን፣ ግማሻችን ስልክ አውጥተን እንቀርጻለን። ወደ እሳትና አደጋ መሥሪያ ቤቱ 939 የሚደውለው ሁሌም "ሌላ ሰው ደውሏል" የሚባለው ሰው ነው።

የሚቲዎሮሎጂ ሰዎች በየዓመቱ የክረምቱን ትንበያ ክረምቱ ሳይገባ ያወጣሉ። የትኛው አካባቢ ከመደበኛ በላይ ዝናብ እንደሚጠብቀው ይናገራሉ፣ በቴሌቪዥን ካርታው ይታያል፣ አረንጓዴና ቡኒ። ከዚያ ዜናው ያልቃል፣ ስፖርት ይገባል። ያ ካርታ እኔ ሰፈር ሲደርስ ምን ይሆናል? ስልኬ በቀን ሦስቴ ስለ ቅናሽና ስለ ዕጣ መልእክት ይደርሰዋል፣ ልብስ ሰፊ መሆኔን እንኳ ያወቁ ይመስለኛል። "እንጦጦ ላይ ከባድ ዝናብ እየጣለ ነው፣ ቀበና ዳር ያላችሁ ልጆቻችሁን ሰብስቡ" የሚል አንዲት መስመር ግን እስከ ዛሬ አልደረሰችኝም። ለማስታወቂያ የሰራ ስልክ ለዚህ እንዴት ያቅተዋል?

ዕድራችን የቻለውን አድርጓል። ከጎርፉ ማግስት እሑድ ስብሰባ ነበረን። መዋጮ ተዋጣ፣ ለእማማ ሽንኩርት መነሻ ተሰጣቸው፣ ጆንያ በአሸዋ ሞልተን በየደጃፉ ደረደርን። አንድ ሽማግሌ ተነስተው ጥሩ ነገር ተናገሩ፣ "ዕድር የሞተ መቅበር ያውቅበታል፣ ቱቦ መቆፈርም ይልመድ" አሉ። ከቀጣዩ ግንቦት ጀምሮ በወር አንድ እሑድ ራሳችን እንድንጠርግ ተስማምተናል። ተስማማን እንጂ ደለሉን የሚጭን መኪና የለንም። የተጠረገ ደለል ካልተነሳ ደግሞ ያው የዘንድሮው ነው፣ እንዳልተጠረገ ይቆጠራል። የምለምነው ይህንኑ ነው፦ የጽዳቱ ገንዘብ ለሰኔ መጨረሻ ሳይሆን ለግንቦት ይመደብ፣ ከቆፋሪዎቹ ኋላ ጫኚ መኪና በዚያው ቀን ይሰለፍ። አንድ ሲኖትራክ ለአንድ ከሰዓት ይበቃን ነበር። የእኔ ሞተርና ሸሚዞቹ ብቻ ከዚያ መኪና ኪራይ ይበልጣሉ፣ የእማማን አልቆጠርኩም።

እናንተንም አንድ ልላችሁ፣ እንዳትቆርጡብኝ። በየሐምሌው ፎቶ አንሺ ትልካላችሁ። መኪና እስከ መስኮቱ ሲሰጥም፣ ሰው ሰው አዝሎ ሲያሻግር፣ አምሮ ይወጣል። በግንቦት ግን አንድም ጋዜጠኛ ሰፈራችን መጥቶ ቱቦ ሲያይ አላየሁም። ደረቅ ቱቦ ፎቶ እንደማያምር አውቃለሁ። ቢሆንም ኑ፣ ሻይ በእኔ ነው። ቀን ቆጥራችሁ በግንቦት አጋማሽ ኑና "ይህ ቱቦ ለምን አልተጠረገም? ይህስ ደለል መቼ ነው የሚነሳው?" ብላችሁ ጠይቁልን። እኔ ስጠይቅ ወንበር ይሰጡኛል። እናንተ ስትጠይቁ መኪና ይመጣ ይሆናል።

የነጠላ ጫማው ባለቤት አልተገኘም። ግራ እግር ነው፣ ሰማያዊ፣ በሩ ላይ በሚስማር ሰቅዬዋለሁ። ክምሩም ይህን ስጽፍ እዚያው ቱቦው አፍ ላይ ነው። ከጎርፉ የተረፈው ማለት ነው። ደለል ለም ስለሆነ አናቱ ላይ ሦስት አገዳ በቆሎ በቅሎበታል፣ ጉልበቴ ደርሷል። እማማ ጠዋት ጠዋት አረሙን ይነቅሉለታል፣ እሸቱን ማን ይበላዋል በሚለው የሰፈሩ ልጆች መጣላት ጀምረዋል።

ከአክብሮት ጋር፤
ልብስ ሰፊው፣ ከቀበና